ዳንዳጂ ላይ አሮጌው መስጊድ ያልፈረሰበት ሥራ

በኒጀር ታዋ ክልል ዳንዳጂ ለምትባል መንደር የመጣው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር። ሕዝቡ በዝቷል፣ የጭቃው መስጊድ ጠቧል፤ አዲስና ሰፊ ይሠራ፣ አሮጌው ይፍረስ። ሥራውን የያዘችው ኒጀራዊቷ አርክቴክት ማርያም ኢሱፉ ናት፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ካማራ በሚለው ስሟ ትገኛለች። መጀመሪያ የተማረችው ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው። ወደ ሥነ ሕንፃ የዞረችው ኋላ ሲሆን በ2014 እ.ኤ.አ. ኒያሜ ላይ የራሷን ቢሮ ከፍታለች። ለዚህ ሥራ ኢራናዊቷ አርክቴክት ያሳማን ኢስማኢሊ አብራት ነበረች።

በተለመደው አሠራር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ማፍረስ የዋጋ ዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም። ሁለቱ አርክቴክቶች ግን አዲሱ መስጊድ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲቆምና አሮጌው ቤተ መጻሕፍት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ሰው የጭቃ ሕንፃን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠልቶት አይደለም፤ በየክረምቱ መለሰን ሲሰለቸው ነው። ስለዚህ «ቅርስ ነው» ብሎ መማጸን ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። ጥገናው እንዴት እንደሚቀል ማሳየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በአሮጌው መስጊድ ላይ የሠሩት ግንበኞች ተፈልገው መጡ። እነሱ የግድግዳውን ጠባይ ያውቃሉ፤ በምላሹ አፈሩን የሚያጠነክር ተጨማሪ ነገር እና ከመሸርሸር የሚከላከል ዘዴ ተማሩ።

የጭቃ ግድግዳ የሚሞተው በሁለት ቦታ ነው፤ አናቱ ላይ እና እግሩ ላይ። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መውጫው አጭር ከሆነ ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል፣ መሬት ላይ የሚነጥረው ደግሞ የታችኛውን ክፍል ከሥሩ ይበላዋል። መድኃኒቱ መውጫውን ከግድግዳው ማራቅ፣ ግርጌውን በድንጋይ ከፍ ማድረግ እና ልስኑን በየጊዜው ማደስ ነው። ብዙ ሰው ግን ወደ ሲሚንቶ ልስን ይሮጣል። ሲሚንቶና ጭቃ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ስንጥቅ ይከፈታል፣ ውሃ ይገባል፣ ከውስጥ መውጫ ያጣል፤ በመጨረሻ ልስኑ የጭቃውን ቆዳ ይዞ በሙሉ ይወርዳል። ይህን በአገራችን በጭቃ ቤት ላይ በሲሚንቶ የለሰነ ሁሉ አይቶታል።

የአዲሱ መስጊድ ግድግዳ ላቴራይት ከሚባለው የአካባቢው ቀይ አፈር በተጨመቀ ብሎኬት የተሠራ ነው፤ ኮንክሪት የገባው እንደ ምሰሶና የበር አናት ባሉ ቦታዎች ብቻ ነው። የብሎኬቱ አሠራር በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው። አፈሩ ይነፋል፣ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ሲሚንቶ በደረቁ ይቀላቀላል፣ ውሃው ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ ይረጫል። ልኩ በእጅ ይታወቃል፤ አንድ እፍኝ ጨብጦ ከትከሻ ከፍታ መልቀቅ ነው። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው፣ ሳይሰበር ከተጠፈጠፈ ውሃ በዝቷል፣ ዱቄት ከሆነ አንሷል። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመጭመቂያው ማሽን ከወጣ በኋላ ነው። የቀን ሠራተኛ ብሎኬቱን እንደ ጡብ ፀሐይ ላይ ይዘረጋዋል። ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃው ያልቃል፣ ጠርዙም በጣት ይፈረፈራል። ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውሃ እየጠጣ ሦስት አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ሲሚንቶ የገባበትን ድብልቅ ለምሳ አስቀምጦ መሄድም አይሆንም፤ ሲመለሱ መያዝ ጀምሮ ያገኙታል።

ግንበኛና የአገር ሽማግሌ ብቻ ከተጠየቀ ግን የተጠየቀው ወንዱ ነው፤ «ማኅበረሰቡ ተወያይቶበታል» የሚለው ቃለ ጉባኤ ደግሞ ይህን አያሳይም። ኢሱፉ ይህን ጉዳይ ከዳንዳጂ በፊት ታውቀዋለች። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠራችው የመመረቂያ ጥናት ስለ ኒያሜ ወጣት ሴቶች ነበር። ወጣት ወንዶች መንገድ ዳር ሻይ እያፈሉ የሚቀመጡበት «ፋዳ» የሚባል ስብስብ አላቸው። ሴት ልጅ እንዲያ ብትቀመጥ ስም ይወጣላታል። ወደ ጓደኛ ቤት ስትሄድ ግን ማንም ምንም አይላትም፤ ስለዚህ ውሎዋ በእግሯ ላይ ነው። አደባባይ ላይ አግዳሚ ወንበር የሚደረድር ንድፍ እዚህ ጋ ለወንዶቹ ተጨማሪ ፋዳ ሠራ ማለት ነው። የኢሱፉ ንድፍ መንገዱን ራሱን ይዞ፣ በየመሐሉ ቆም ማለት የሚያስችሉ ቦታዎችን ሰጠ።

ለሥራ ሲተረጎም፣ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ በስብሰባ መጠየቅ ትርፉ ዝምታ ነው። ሴቶቹ የሚሄዱበትን ሰዓትና መንገድ አብሮ በመሄድ መመዝገብ፣ የት እንደሚቆሙና ከማን ዐይን እንደሚርቁ በካርታው ላይ ማስፈር ይሻላል። ስብሰባ የግድ ከሆነ ውሃ በሚቀዳበትና ምግብ በሚሠራበት ሰዓት አይጠራ፤ አስተርጓሚዋም ሴት ትሁን። ዳንዳጂ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ተከትለው የመጡት የመማሪያ ክፍሎች የገጠር ሴቶችን ንባብና ሙያ ለማሳደግ የታሰቡ ናቸው።

እዚያው መንደር በተሠራው ገበያ ላይም ያው አካሄድ ይታያል። 52 ሱቆች አሉት፣ የቆሙትም ሕዝቡ ከድሮ ጀምሮ በሚሰበሰብበት ዛፍ ዙሪያ ነው። ሌላ ጥላ ለማግኘት ዛፍ መትከል በዚያ ምድረ በዳ ዓመታት ስለሚፈጅ ከፍታቸው የተለያየ ክብ የብረት ጥላዎች ተተከሉ፤ በመሐላቸው ነፋስ ያልፋል። ብረቱ ከአፈሩ ይልቅ ውድ ነው፣ ያም ሆኖ ምርጫው ትክክል ይመስለኛል፤ ነጋዴ ችግኝ እስኪያድግ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም።

ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ቢሮ አንድ ነገር ከውል በፊት ይጠናቀቅ፤ የሙከራ ግድግዳ። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት በቂ ነው። ግማሹን የአካባቢው ግንበኛ በራሱ ዘዴ፣ ግማሹን በአዲሱ ድብልቅ ይሥራው፣ ክረምት ይለፍበት፣ የግንበኛው የቀን አበልም በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ። ያለዚያ ኮንትራክተሩ «ምክር» ብሎ በነጻ ያስቆጥረዋል፣ ግንበኛውም በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም።