ለማትሪክ የከለስኩበት መንገድ እና ያልተሰጠኝ የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠን እኛ ነን። ውጤቱ ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ 46 አመጣሁ። ሪሚዲያል (50 በመቶ ላልሞላን የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ተምሬ ነው ፍሬሽማን፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ የገባሁት። አሁን የሚፈተኑ ልጆች "እንዴት ልከልስ?" እያሉ ሲጠይቁኝ ሁሌም የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው። ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ፕሮግራሜ ደህና ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ፤ እስኪነጋ ሒሳብ እሠራለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ። እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ቅዳሜና እሁድ። በዚህ በኩል የምጸጸትበት ነገር የለኝም።

ችግሩ 10ኛ ክፍል ነው። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ይነካል። እኛ ደግሞ 10ኛ ክፍል ሳለን፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሁለተኛው ሴሚስተር ተንጠልጥሎ ቀረ። ፊዚክስ ላይ የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ብርሃን፣ መስታወትና ሌንስ ነበር። አንድም ቀን አልተማርነውም። መጽሐፉንም 11ኛ ስንገባ መልሰናል።

ስለዚህ ጥር ላይ ንብረት ክፍል ሄድኩ። መጽሐፎቹ በመስኮቱ ይታያሉ። በሲባጎ ታስረው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል።

"ጋሼ፣ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብቻ ይስጡኝ። ፈርሜ እወስዳለሁ።"

"ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?"

"12ኛ።"

"የክፍልሽን ወስደሻል አይደል? የሌላ ክፍል መጽሐፍ አልሰጥም። ከዳይሬክተሩ ደብዳቤ አምጪ።"

ዳይሬክተሩ ዞን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ምክትሉ ጋ ስገባ "ይሄ የዩኒት መሪሽ ሥራ ነው" አሉኝ። ዩኒት መሪዋ ደግሞ "ለአንቺ ብጽፍ ነገ ሁሉም ይመጣል" አለች። ይመጣ! መምጣት አልነበረበትም እንዴ? መጽሐፉ የታተመው እንዲነበብ አይደለም? ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተም የሚመታው ሰው ለቅሶ ሄዷል። አራት ቀን ጠበቅኩ። ማኅተም አስመትቼ እየሮጥኩ ስደርስ ንብረት ክፍሉ በር ላይ "ለቆጠራ ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኩ። የሚያውቅ የለም። ደብዳቤውን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ተመልሼ አልሄድኩም።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አባቴን ይዤ ብሄድ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጎረቤት ከተማ ያለች የአክስቴ ልጅ ጋም መጽሐፉ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። አልጠየቅኳትም። ተናድጄ ቀላሉን መንገድ መረጥኩ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በ40 ብር ሾርት ኖት (አጭር ማስታወሻ) ገዛሁ።

ሾርት ኖቱ ያምር ነበር። የአራት ዓመት ፊዚክስ በ18 ገጽ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ስለ መስታወት ሁለት መስመር ብቻ አለው፦ ኮንኬቭ መስታወት የተገለበጠ ምስል ይሰጣል፤ ኮንቬክስ ቀጥ ያለ ምስል ይሰጣል። በቃ። ሁለቱን መስመር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳቸው።

የ2014ቱን ፈተና ጥቅምት 2015 ላይ ተፈተንን። ስልክ የለ፣ ቤተሰብ የለ፤ ዶርም እያደርን ነው። ፊዚክስ ላይ አንድ ዕቃ በኮንኬቭ መስታወትና በፎከሱ (መስታወቱ ብርሃንን በሚሰበስብበት ነጥብ) መሃል ቢቀመጥ ምስሉ ምን ይመስላል የሚል ዓይነት ጥያቄ መጣ። ደስ አለኝ። "የተገለበጠ" የሚለውን አጠቆርኩ። ስወጣ በጣም እርግጠኛ ነበርኩ። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ባላውቀው ኖሮ እንኳ ቆም ብዬ አስብ ነበር።

ሪሚዲያል ላይ የፊዚክስ መምህራችን ይህንኑ ጠየቀን። እጄን አውጥቼ ሾርት ኖቱ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ እንዳለ አነበነብኩለት። "ጥሩ። አሁን በአማርኛ ንገሪኝ" አለ። አፌ ተያያዘ። ኮንኬቭ ማለት ወደ ውስጥ የጎደጎደ መሆኑን እንኳ ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ። ከቦርሳው አዲስ ጭልፋ አወጣና ሰጠኝ። ጎድጓዳው ውስጥ ፊቴን አየሁ፤ ተዘቅዝቋል። "አሁን የጣትሽን ጫፍ ወደ ውስጡ አስጠጊ፣ ሊነካው እስኪል ድረስ" አለኝ። አስጠጋሁ። ጣቴ ቀጥ ብሎ፣ ከራሱ ገዝፎ ታየኝ። ዕቃው ከፎከሱ ወዲያ ሲሆን ይገለበጣል፤ ከፎከሱ ወዲህ ለመስታወቱ ሲቀርብ ቀጥ ብሎ ይገዝፋል። ሾርት ኖቱ ግማሹን ነው የነገረኝ። መጽሐፉ ግን ምስሉን በሥዕል፣ ዕቃውን እያቀራረበ ያሳያል። ያ ሁሉ በመስኮት አየው የነበረው መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አከላለሴን ቀየርኩ። ትምህርት ቤት "በእንግሊዝኛ ነው የምትፈተኑት፣ በእንግሊዝኛ አጥኑ" ይሉናል። አልስማማም። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም ቤታችሁ በምትናገሩት ቋንቋ፣ ለታናሽ እህታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ተናገሩት። ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ በኋላ ይለመዳል።

"ከ12ኛ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ" የሚሉም አሉ። እኔ ከ9ኛ ጀምሩ ነው የምለው። ኬሚስትሪ ላይ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ያልገባው ልጅ ኢኩሊብሪየም (የኬሚካላዊ ምላሽ ሚዛን) ላይ ቁጥር ሲያባዛ ይውላል። ካታሊስት ምላሹን ያፈጥናል እንጂ ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ አይለውጥም፤ ይህን በራሴ አፍ ለጓደኛዬ ካስረዳሁ በኋላ ተሳስቼው አላውቅም። ባዮሎጂ ላይ ሁለቱን የሴል አከፋፈሎች፣ ማይቶሲስና ሚዮሲስን፣ መጽሐፉን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ እሥላለሁ። አንዱ ሁለት ሴል፣ ሌላው አራት ሴል ይሰጣል ብሎ መሸምደድ አይበቃም። ክሮሞሶሞቹ የቱ ጋ እንደሚለያዩ እጅ ካልሣለው አይያዝም። ሒሳብ ማንበብ ግን ጊዜ ማባከን ነው። ይሠራል እንጂ አይነበብም።

ወርክሺት የመጨረሻው ወር ላይ ይሁን፤ መልሱንም አትመኑት። እኔ ጋ የነበረው አንድ ወርክሺት ለአንድ ጥያቄ ሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ መልስ ነበረው። ሾርት ኖት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጻፉት። የኔ የሪሚዲያል የፊዚክስ ማስታወሻ አስቀያሚ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የበዛበት፣ ጠርዙ ላይ ጭልፋ የተሣለበት። አሁንም አለኝ።

ሪሚዲያሉን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። በዚህ እኮራለሁ። ያቺ አንድ ዓመት ግን ትቆጨኛለች።

ባለፈው ክረምት ትራንስክሪፕት ላወጣ ትምህርት ቤቴ ሄጄ ነበር። ንብረት ክፍሉ ክፍት ነው። የድሮዎቹ የ10ኛ ክፍል መጽሐፎች እዚያው፣ በዚያው ሲባጎ እንደታሰሩ ተደርድረዋል። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ አሁን ማንም አይማርባቸውም። አንዱን እስር በጣቴ ጠረግ አድርጌ አየሁት። ፊዚክስ ነበር።