«ሁለት ፈላጭ ቆራጮች ጫካ ገቡ»

የቃላት ስብስቤ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። የዚህ ወር ዘርፍ ዛፍ ቆርጠው የሚተዳደሩ ሰዎች መጠሪያ ነው። «እንጨት ቆራጭ» ብዬ በአንድ ቀን የምገላገለው መስሎኝ ነበር።

ያቆመኝ የራሴው ስህተት ነው። ለመለማመጃ ከእንግሊዝኛ በምመልሰው አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዛፍ ይጥላሉ፣ ግንዱንም ይፈልጣሉ። እኔም ሳላስብ «ሁለት ፈላጭ ቆራጮች ጫካ ገቡ» ብዬ ቁጭ! ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ምነው፣ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎባቸው ሸሽተው ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ግሶቹን አንድ በአንድ መለየት ጀመርኩ። መቁረጥ ሰፊ ነው፤ ገመድም ይቆረጣል። መገንደስ ቋሚውን ዛፍ መጣል ነው። መፈለጥ የወደቀውን በምሳር መሰንጠቅ፣ መገዝገዝ የመጋዝ ሥራ፣ መጥረብ ጎኑን እያስተካከሉ ቅርጽ ማስያዝ። መጨፍጨፍ ውስጥ ግን ፍርድ አለበት፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «ደን ጨፍጫፊ ነኝ» የሚል የለም።

«እንጨት ቆራጭ» ራሱ የማገዶ ሽታ አለው። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች «እንጨት ቆራጮች ውኃም ቀጂዎች» ሲደረጉ ሥራቸው ለማኅበሩና ለመሠዊያው ነበር እንጂ ጣውላ ለማውጣት አይደለም። የስፔኑ «ሌኛዶር»ም ማገዶ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሩስያኛ ሁለቱን ይለያል፤ «ድሮቮሴክ» የማገዶ፣ «ሌሶሩብ» የደን።

እንግሊዝኛው «ላምበርጃክ» የሰሜን አሜሪካ ቃል ነው፤ በ1831 ካናዳ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። በአሜሪካ «ላምበር» የተሰነጠቀ ጣውላ ሲሆን በብሪታንያ ደግሞ ቦታ የሚያጣብብ አሮጌ ዕቃ ነው። በሥራው ያሉት ዛሬ «ሎገር» መባልን ይመርጣሉ።

ሎገሮችም አንድ አይደሉም። ዛፉን የሚጥለው «ፌለር» ነው። በመውደቂያው በኩል አፍ ይከፍትለታል፣ ከዚያ ከጀርባው ይገዘግዛል፤ መሃል ላይ ሳይቆረጥ የሚተወው ስስ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ ታሰበለት አቅጣጫ ይመራዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ቆራጭ» አነሰብኝ፤ «ዛፍ ገንዳሽ» አልኩት። «ሶየር» ደግሞ መጋዝ ሳቢው ነው። ድሮ አንዱ ከግንዱ በላይ ቆሞ፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ረጅሙን መጋዝ ይሳሳቡ ነበር። ብናኙ ማን ላይ እንደሚወርድ ግልጽ ነው፤ የላይኛው ሶየር መባልም የበላይ ሰው ማለት ሆኖ ቀረ።

የወደቀውን ግንድ በልክ በልክ የሚያሳጥረው «ባከር» ሁለት ቀን ፈጀብኝ። «ከታፊ» ስለው የወጥ ቤት ሆነብኝ። መፍትሔው አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ ቆረጠ፣ ቆራረጠ፣ «ግንድ ቆራራጭ»። አንድ ፊደል ደግመን ያገኘነውን እንግሊዝኛ ሌላ ቃል አውጥቶለታል።

ያልፈታሁት «ዊዶውሜከር» ነው። ተሰብሮ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ፣ ድንገት ሠራተኛ ላይ የሚወርድ ቅርንጫፍ ነው። «መበለት አድራጊ» ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። «ባል ገዳይ» ደግሞ ሌላ ወንጀል ሆነ። የተሻለ ያላችሁ ጣሉልኝ፣ ቅርንጫፉ ሳይቀድማችሁ።