ጉዳዩ፦ የሥራ ደብዳቤ አጻጻፍን ስለመማር

ይህን የምጽፈው ሴክሬታሪያል፣ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ ወይም ሌላ የቢሮ ሙያ ለምትማሩ ነው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ ነው። አሁን በጸሐፊነት እሠራለሁ። ከቢሯችን የሚወጣው ደብዳቤ አብዛኛው በእኔ እጅ ይረቀቃል፤ ኃላፊዬም ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ሳይነኩ ይፈርሙበታል። በዚህ እኮራለሁ። ችሎታውን ግን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ሳይሆን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እዚያም የደረስኩት ተንከራትቼ ነው።

የክፍሉን ቶሎ ልጨርስ። ቢዝነስ ኮሙኒኬሽን በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሰባቱን መርሆዎች ሸመደድን፦ ሙሉነት፣ አጭርነት፣ ለተቀባዩ ማሰብ፣ ተጨባጭነት፣ ግልጽነት፣ ትሕትና፣ ትክክለኛነት። ጥሩ መርሆዎች ናቸው፣ አሁንም እሠራባቸዋለሁ። ፉል ብሎክና ሞዲፋይድ ብሎክ የሚባሉትን የደብዳቤ አቀራረቦች ለየን። ሜሞ፣ ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ ተማርን። ናሙናዎቹ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዱ ነበሩ፤ አንዱ ያዘዝኩት ዕቃ ዘገየብኝ ብሎ ያማርራል፣ ሌላው ይቅርታ ይጠይቃል። ፈተናውን አለፍን። በኋላም ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ወስጄ ብቁ ተባልኩ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ አደረገው። በዓመቱ የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አደረገ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተምረን በአማርኛ ልንጽፍ እንወጣለን። መሃል ላይ ያለውን ድልድይ የሠራው የለም። ኮሌጅ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም የአማርኛ ደብዳቤ ጽፌ ታርሞልኝ አያውቅም። ቁጥርና ቀን የት እንደሚገቡ፣ ጉዳዩ ምን ማለት እንዳለበት፣ ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማኅተም) ከፊርማ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ማኅተም የት እንደሚያርፍ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ ያስተማረን መምህር አልነበረም። "ይሄ ሥራ ላይ ትለምዱታላችሁ" ይሉን ነበር። ይህችን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

መጨረሻው ዓመት ላይ ወደ መሥሪያ ቤት ወጥተን የትብብር ሥልጠና መውሰድ ነበረብን። ሥልጠናችሁ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው ሲባል ነው የከረመው። የሚቀበለንን ቦታ የምንፈልገው ግን እኛው ነን። ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ለእኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ የሰፈራችን ሴት ስለነበረች ቦታው ተገኘ። "ደብዳቤሽን ብቻ ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

የሥልጠና አስተባባሪው ዘንድ ሄድኩ። "ረቂቁን ራስሽ ጽፈሽ አምጪ" አሉኝ። ይህን አባባል ብዙ ቢሮ ትሰሙታላችሁ፣ ተዘጋጁበት። እኔ ደስ አለኝ። የተማርኩትን የምሠራበት ጊዜ መጣ አልኩ። ጥያቄውን መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ አስቀመጥኩ። የምማረውን ሙያ፣ የምመደብበትን ክፍል፣ ሥልጠናው የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ያ ረቂቅ አሁንም አለኝ። ዛሬም ሳየው የምቀይረው ነገር የለኝም።

አስተባባሪው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። "ደብዳቤ አይመስልም፣ ደረቅ ነው" አሉ። ከኮምፒውተራቸው አንድ የቆየ ፋይል ከፈቱና ስሜን ብቻ ቀየሩበት። "በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ኮሌጃችን ብቁና ተወዳዳሪ የሰው ኃይል ለማፍራት በተለያዩ የሙያ ዘርፎች ሥልጠና በመስጠት ላይ የሚገኝ መሆኑ ይታወቃል" ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ዘርፎቹን ይዘረዝራል። ቀጥሎ ኮሌጁ ከተቋማት ጋር ተቀናጅቶ ለመሥራት ያለውን ፍላጎት ይገልጻል። እኔ የምመጣው መጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ "በመሆኑም" ከሚለው በኋላ ነው፤ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት ይላል። ምን ዓይነት ትብብር? አይልም። ከመቼ እስከ መቼ? አይልም። ጉዳዩ ላይ ያለው "ትብብርን ይመለከታል" ብቻ ነው። ቀኖቹ ይግቡልኝ ብዬ ለመንኩ። "እነሱ ያውቁታል" ተባልኩ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወጪ ደብዳቤ ሆኖ ተመዘገበ።

መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ተቀበለችኝ፣ ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ተመዘገበ። ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ገባ። እዚህ ላይ አሠራሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ኮሌጅ ውስጥ ይህን የነገረን የለም። ኃላፊ ደብዳቤ ሲደርሰው ጥግ ላይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። በቀን ብዙ ደብዳቤ የሚመራ ሰው ሁሉንም እስከ መጨረሻው አያነብም። ጉዳዩን ያያል፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያያል፣ "ለእገሌ ክፍል፣ ይታይ" ብሎ ይፈርማል። የእኔ ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመሮች የሚያወሩት ስለ ኮሌጁ ነው። ሥልጠና ይሰጣል፣ አብሮ መሥራት ይፈልጋል። ኃላፊውም የሠራተኞች ሥልጠናን ለሚከታተለው ክፍል መሩት።

እኔ ይህን አላውቅም። ስሄድ "ተመርቷል" ይሉኛል። ወዴት? "ወደሚመለከተው።" ሰው ሀብት እሄዳለሁ፣ አልደረሰንም። መዝገብ ቤት እመለሳለሁ፣ ወጥቷል። የክፍል ጓደኞቼ ሥልጠናቸውን ጀምረው ፎቶ ይልኩልኛል። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ ማታ ማታ "ጀመርሽ?" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

በመጨረሻ ደብዳቤው ሥልጠና ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ተገኘ። መልስም ተረቅቆለት ነበር! ኮሌጁ ለሠራተኞቻችን ሥልጠና ለመስጠት ላቀረበው ጥያቄ እያመሰገንን፣ ለዚህ ዓመት በጀት ያልያዝን መሆኑን እንገልጻለን ይላል። አንብቤው እግሬ ከዳኝ። የሰውየው ጥፋት አይደለም። የደረሳቸው ወረቀት ያንን ነው የሚለው።

አዲስ ደብዳቤ ይምጣ ተባለ። ኮሌጅ ተመለስኩ። አስተባባሪው "እኛ በትክክል ጽፈናል፣ ያላነበቡት እነሱ ናቸው" አሉ። ከዚህ ንግግር በላይ ያናደደኝ ነገር የለም። አንባቢው በትክክል ያልተረዳው ደብዳቤ በትክክል አልተጻፈም። እሳቸው ራሳቸው ክፍል ገብተው ያስተማሩን ይህንኑ አልነበር እንዴ? ለተቀባዩ ማሰብ ያሉት ምንድን ነው ታዲያ? ተከራክሬ ቀኖቹ እንዲገቡ አደረግኩ። የሚፈርሙት ዲን ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገም ስብሰባ ናቸው። ምክትላቸው ፈረሙልኝ፤ ከሥር የተመታው ቲተር ግን የዋናው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስምና ፊርማ አይገናኝም ብሎ መለሰው። ልክ ናቸው፣ እኔም ዛሬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣልኝ እመልሰዋለሁ። ዋጋውን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ። ሥልጠናዬን ስጀምር ጓደኞቼ ሪፖርታቸውን መጻፍ ጀምረው ነበር።

ደግነቱ የተመደብኩት መዝገብ ቤት ነው። እዚያ እትዬ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሴት ነበሩ። ሰንጋ ተራ ያለው የድሮው ኮሜርስ ምሩቅ ናቸው። በታይፕራይተር ዘመን የሠለጠኑ ስለሆኑ ፊደል አይስቱም፤ በዚያን ጊዜ ስህተት ማለት ገጹን እንደገና መምታት ነበር። ታሪኬን ሰሙና የቆዩ የደብዳቤ ፋይሎች አወረዱልኝ። "አንብቢ፤ የትኛው ቶሎ መልስ እንዳገኘ እያየሽ አንብቢ" አሉኝ። ገቢውን ከወጪው ጋር እያያያዝኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከኮርሱ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ያ ነው። ቶሎ የተመለሱት ደብዳቤዎች ጉዳዩ ላይ ራሱ ጥያቄው ያለባቸው ናቸው። "ትብብርን ይመለከታል" የሚሉት ከክፍል ክፍል ሲዞሩ ከርመዋል።

ስለዚህ ኮሌጁ ከሚለው በተቃራኒ የምላችሁ ይህ ነው። "መሆኑ ይታወቃል" በሚል ደብዳቤ አትጀምሩ። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትጽፉታላችሁ? ጉዳዩን "አንዲት ሠልጣኝ ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 30 በመዝገብ ቤት የተግባር ሥልጠና እንድትወስድ ስለመጠየቅ" ብላችሁ ጻፉ። ረዘመ የሚላችሁ ይኖራል። ይርዘም። ይህን ደብዳቤ የሚመራው ሰው ሌላውን ባያነብም ይበቃዋል። ትሕትናው አይጠፋም፤ "እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን" የሚለው መዝጊያ ብቻውን በቂ ክብር አለው። ሦስት አንቀጽ ውዳሴ ትሕትና አይደለም፣ የሰው ጊዜ መውሰድ ነው።

ቀደም ሲል ለተጻፈ መልስ ስትሰጡ የእነሱን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን መጀመሪያ ጥቀሱ። አባሪ ካለ ስንት ገጽ እንደሆነ ጻፉ፣ ገጽ ሲጎድል የሚጣላችሁ ሰው አይኖርም። ደብዳቤ ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ተቀበሉ፣ ቅጂያችሁ ላይ አስመትታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቁጥር የሌለው ሰው "ደብዳቤዬ የት ደረሰ?" ቢል የሚሰማው የለም።

የእንግሊዝኛውም ኮርስ ቢሆን እንዳለ አይወሰድም። መጽሐፉ ሚስተር ብለህ የመጨረሻውን ስም ጥራ ይላል። እኛ አገር የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ነው። አቶ ብላችሁ የራሱን ስም ጥሩ፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፉም እንዲሁ አድርጉ። አለቃችሁን በአባታቸው ስም ጠርታችሁ ኢሜይል ብትልኩ ቅር የሚላቸው ሳይሆን ለማን እንደተጻፈ የሚጠፋቸው ይበዛሉ።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። አማርኛ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደሎችን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ብዙ ቢሮ የቆዩትን የፓወር ግዕዝ ፎንቶች አሁንም ይጠቀማል። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። የምትልኩትን በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይበቃል፤ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ኮሌጅ ሳላችሁ በሁለቱም መተየብ ልመዱ። ለሥራ ስትፈተኑ የትኛው እንደሚቀርብላችሁ አታውቁም።

ቃለ ጉባኤ ላይ ብዙ አልልም። የተባለውን ሁሉ አትጻፉ። የተወሰነውን፣ የሚፈጽመውን ሰውና የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ፤ የተገኙትን ሁሉ ሳይበተኑ አስፈርሙ። ቴሌግራም ላይ የሥራ ግሩፕ ካለ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጣችሁን እርስዎ በሉ፣ የድምፅ መልእክት አትላኩ፣ ውሳኔ ከሆነ በደብዳቤ ይከተል። "ቴሌግራም ላይ ነግሬያችሁ ነበር" ኦዲተር ፊት አይቆምም።

አሁን እኔ ዘንድም ሠልጣኞች ይመጣሉ። ከዚያው ኮሌጅ የመጡትም አሉ። ይዘውት የሚመጡት ደብዳቤ ያው ነው፤ ያው "መሆኑ ይታወቃል"፣ ያው "ትብብርን ይመለከታል"። ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ልጆቹ እንዳይንከራተቱ ብዬ ኃላፊዬ ከመምራታቸው በፊት ጥያቄውን በእርሳስ ጥግ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ለኮሌጁም ናሙናው እንዲቀየርና በኮርሱ ውስጥ የአማርኛ ደብዳቤ አጻጻፍ እንዲገባ ጽፌያለሁ። መልስ አልመጣም። በቅርቡ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠቅሼ እንደገና ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ ግልባጭ ለኮሌጁ ቦርድ አድርጌያለሁ። የገቢ ቁጥሩም እጄ ላይ ነው።