ቀይ የተቀባው የቮልስ ሞተር

እትዬ የኋላውን ኮፈን ራሳቸው ከፈቱት፣ ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ይሄ ደሞ የማን ነው?» አሉ።

የሳቸው ነው። የ1967 ሞዴል 1300 ቮልስ፣ ባለቤታቸው በህይወት እያሉ ለማንም አሳልፈው ያልሰጧት መኪና። ዘይት ታፈስ ስለነበር ሞተሩ ወርዶ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ) እንዲቀየር ነው ያመጧት፣ ሲሄዱ በር ላይ ቆም ብለው «እግረ መንገዳችሁን ሞተሩንም ቀባ ቀባ አርጉልኝ» አሉ። በምን ቀለም ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔም እዛው ቆሜ ነበር፣ አልጠየቅኩም።

ጋሼ (የጋራዡ ባለቤት ናቸው፣ ስራውን ያስተማሩኝም እሳቸው) ቀይና ሲልቨር ይዘው መጡ። የማራገቢያው ቤትና ላሜራዎቹ (ሞተሩን የሚሸፍኑት ቆርቆሮዎች) ቀይ፣ ሌላው በሙሉ ሲልቨር። በሙሉ ስል ብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹ፣ ቴስታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ የዘይት ማቀዝቀዣዋ ሳትቀር።

ቮልስ የነካ ሰው እዚህጋ ይገባዋል። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም። ዲናሞው ላይ የታሰረው ማራገቢያ አየሩን ወደ ታች ይነፋዋል፣ አየሩ በሲሊንደሮቹና በቴስታው ክንፎች (ዙሪያቸውን በተደረደሩት ስስ ጠርዞች) መሀል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ በቃ ማቀዝቀዣው ይሄ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ብሎኩ ማግኒዢየም ቅይጥ ስለሆነ ቀለም የለውም፣ ቴስታው አልሙኒየም ነው እሱም ባዶውን ነው፣ ጥቁር የሚቀባው ላሜራው ነው። ክንፍና ክንፍ መሀል ወፍራም ቀለም ከሞላህበት ሞተሩን ብርድ ልብስ አልብሰኸዋል ማለት ነው። በዛ ላይ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዞሮ የሚነፋው አየር ከቆላው ያንሳል።

«ጋሼ፣ ሲሊንደሩና ቴስታው ላይ ባንረጭስ?» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ሙቀቱ በምን ይወጣል?»

«አንተ ልጅ፣ ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ ያብለጭልጭላቸው።»

እዚህጋ ዝም አልኩ። ባወራው ባወራው የማይወጣልኝ ይሄ ነው። መልስ ነበረኝ እኮ፣ ሲሊንደሩ መች ይታያል፣ ላሜራው ይሸፍነው የለ እንዴ ማለት እችል ነበር፣ ግን እሳቸው ይሄን ስራ ሲሰሩ እኔ አልተወለድኩም፣ አፌ ተያዘ። ዝም ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛውን እጅ የረጨሁት እኔ ነኝ።

እትዬ «የማን ነው» ካሉ በኋላ ጋሼ እየሳቁ «የርሶ ነዋ እትዬ፣ አዲስ አስመሰልንልዎት» አሏቸው። እሳቸው አልሳቁም። «እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ሲወለውለው ጥቁር ነበር» አሉና ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉት። ከፍለው ሄዱ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ከ6 ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጦጦ ሲወጡ ጉልበት አጣች፣ የሚያቃጥል ዘይት ሸተታቸው፣ ቆመው ነዳጅ ሳይሰጡ ሚኒሞ ላይ ሲተዉት የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ቮልስ የሙቀት ጌጅ የላትም፣ የምትነግርህ በዚሁ ነው፣ ዘይቱ ግሎ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል። አጥፍተው አቀዝቅዘው በቁልቁለቱ ይዘዋት ወረዱ። አዋቂ ሴት ናቸው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ዳገቱን ጨርሶ ሞተሩንም ይጨርሰው ነበር።

4 ብሎን ፈተን ሞተሩን አወረድነው። ላሜራዎቹን ሳነሳ የዘይት ማቀዝቀዣዋ መተላለፊያዎች ግማሹ በሲልቨር ተደፍነዋል። በዚህ ሞዴል ማቀዝቀዣዋ የምትቆመው ማራገቢያው ቤት ውስጥ ነው፣ በግራ በኩል ወደፊት ያለው 3ኛው ሲሊንደር አየር የሚያገኘው ከሷ የተረፈውን ነው፣ በደህና ጊዜም ከሁሉም የሚግለው እሱ ነው። እሷ ተደፍና እሱ ላይ ደግሞ ቀለም ተደርቦበት ምን ይሁን።

ጋሼ ዴልኮውን (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) አዩና «ታይሚንጉ አልፎ ነው» አሉ። እውነት ነው፣ ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ትንሽ አልፎ ነበር። እሳቸው ታይሚንጉን አስተካከሉ፣ እኔ ቀለሙን ላጥኩ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ስለተሰራ እስከዛሬ «ታይሚንግ ነበር» ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ያንን ማቀዝቀዣ በእጄ ይዤዋለሁ።

መላጡ 3 ቀን ፈጀብኝ። ሪሙቨር፣ ቲነር፣ ከዛ ክንፍ በክንፍ በቀጭን እንጨት ጨርቅ ጠቅልሎ መግባት ነው። ቴስታውና ብሎኩ ባዶውን ቀሩ። ሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ ይዝጋል፣ እሱን ብቻ ሙቀት የሚችል ጥቁር በጣም ስስ አድርጌ አለበስኩት፣ ክንፉ ቅርጹን እስከማያጣ ድረስ።

የላሜራው ጥቁር ነው ያስቸገረኝ። ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዱ እንደ ጫማ ቀለም ያብለጨልጫል፣ አንዱ ከሰል ነው። መልሱን ያገኘሁት የማራገቢያው ቤት ጀርባ ላይ ነው፣ ወደ ወንበሩ የሚዞረው ፊቱ። ሰው ስለማያየው ቀዩ እዛ አልደረሰም፣ አቧራና ዘይቱን በናፍጣ ስጠርገው የፋብሪካው ጥቁር እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ለስለስ ያለ፣ መካከለኛ አንጸባራቂ። የማራገቢያውን ቤት በብብቴ ይዤ በታክሲ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ፣ ሱቅ በሱቅ እየዞርኩ ክዳኑን እያስከፈትኩ እሱ ላይ እያስጠጋሁ አየሁ። አራተኛው ሱቅ ላይ ገጠመ።

እትዬ ሊወስዱ ሲመጡ ኮፈኑን እኔ ከፈትኩላቸው። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ሲልቨሩን የረጨሁት እኔ ነኝ፣ እንደማይሆን እያወቅኩ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ፣ አዩት፣ ምንም አልወጣባቸውም። «እሺ» ብለው አስነስተው ሄዱ።

የጀርባውን ጥቁር አልቀባሁትም። መዳፍ የምታህል ቦታ እንዳለች ትቻታለሁ፣ ከኔ በኋላ ያንን ሞተር የሚያወርድ ልጅ ቀለሙን ሲፈልግ እዛ ያገኛታል።