ለጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ ከማዘዛችን በፊት

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ሲባል ያልሰማ የጥርስ ሐኪም ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። የሰማነው ነገር ወደ ማዘዣ ወረቀታችን መውረዱን ማየት ከፈለግን ግን፣ እንቅልፍ የነሳው የጥርስ ሕመም ይዞ ለሚመጣ ሰው ምን እንደምናዝዝ ማየት ይበቃል። ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ አንዳንዴም ሜትሮኒዳዞል ይታከልበታል።

በሽተኛው ጉንጩ አላበጠም፣ ትኩሳት የለውም እንበል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሕመሙ ይነሣል፣ ውኃው ከሄደ በኋላም አይለቀውም። በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ክፉኛ ተቆጥቷል፣ ግን አልሞተም። እዚህ ላይ «አንቲባዮቲክ ለጥርስ ይጠቅማል?» ብሎ መፈለግ የትም አያደርስም፤ የጽሑፍ ጎርፍ ይመጣና ሐኪሙ ተሰላችቶ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ጥያቄው በሽተኛውን፣ የሚሰጠውን፣ የሚነጻጸርበትን እና የሚጠበቀውን ውጤት መያዝ አለበት፦ ነርቩ በማይመለስ ደረጃ በተቆጣበት አዋቂ ላይ አንቲባዮቲክ ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን) ይልቅ ሕመም ይቀንሳል ወይ?

እንዲህ ሲጠየቅ የኮክሬን ግምገማ ይገኛል፤ ኮክሬን በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። የተደገፈበት ዋና ጥናት 40 ሰዎች ብቻ የተሳተፉበት ነው፤ ግማሾቹ ፔኒሲሊን 500 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ለ7 ቀን ወሰዱ፣ ሌሎቹ ፕላሴቦ። በሕመሙ መጠንም ሆነ በወሰዱት የማስታገሻ ብዛት ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን አለመደበቅ የማስረጃ ምዘና ዋና አካል ነው፤ የማጠቃለያውን አንድ መስመር አንብቦ «ተረጋግጧል» ማለት ስሕተት ነው። ያም ሆኖ ጥናቱ ከምናውቀው ሥነ ሕይወት ጋር ይገጥማል። ሕመሙ የሚመጣው በጥርሱ ጠንካራ ግድግዳ ውስጥ ከታፈነ የነርቭ ቁጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ያንን ግፊት አያወርድም። ነርቩ ከሞተ ደግሞ የደም ዝውውሩ ስለተቋረጠ መድኃኒቱ ውስጡ በበቂ መጠን አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሰውነት መከላከያቸው ደህና ለሆነ አዋቂዎች ሁሉ እንዲህ ላለ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ ይመክራል።

ሕክምናው እጅ ላይ ነው፦ አደንዝዞ ነርቩን መክፈት ወይም ጥርሱን መንቀል። ወዲያው ካልተቻለ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል ጋር መስጠት ለብዙዎች ይበቃል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይቡፕሮፌኑን መተው ነው። አንቲባዮቲክ ቦታ የሚያገኘው ትኩሳትና የሰውነት መዛል ሲኖር ወይም እብጠቱ ሲስፋፋ ነው፤ አሞክሳሲሊን 500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ መግሉን ከማፍሰስ ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም። ከመስጠታችን በፊት የፔኒሲሊን አለርጂ መጠየቅ፣ በ3ኛው ቀን ደግሞ መልሶ ማየት ያስፈልጋል። አፉን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከበደው ሰው ማዘዣ ይዞ ወደ ቤት አይሄድም፤ በአስቸኳይ ሆስፒታል ይላካል።

ብዙ ባልደረቦች የሚያነሱት እንቅፋት የበሽተኛው ግፊት ነው። «ዶክተር፣ ጠንከር ያለ ነገር ይዘዙልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ያሸማቅቃል። «እናቴ፣ ይሄ መድኃኒት ሕመሙን አያነሳልዎትም፤ ተቅማጥ ግን ሊያመጣብዎት ይችላል። ዛሬ ጥርሱን እንክፈተው» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ምክንያቱን የሰማ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል። ከባዱ የአለቃ ልማድ ነው። አዲስ ተመራቂ «እዚህ እንዲህ ነው የምንሰራው» ሲባል ዝም ይላል፤ ለዚህ የሚሻለው መመሪያውን አትሞ በጋራ ማንበብ ነው። የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በኢትዮጵያ ያሉ ተቋማትም በሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና መጽሔቶች ማቅረቢያ ፕሮግራም) በኩል ብዙ መጽሔት ያገኛሉ።

ክሊኒካችሁ አንቲባዮቲክ ያዘዘባቸውን የመጨረሻ 20 ካርዶች አውጡ። በእያንዳንዱ ላይ የሙቀት መጠን ተጽፏል? እብጠቱ የት እንደነበር ተመዝግቧል? በዚያው ቀን ጥርሱ ተከፍቷል ወይስ ማዘዣ ብቻ ተሰጥቷል? ምክንያቱ ያልተጻፈባቸውን ለብቻ ቁጠሩና ከ3 ወር በኋላ ቆጠራውን ድገሙት።