የወንዶቹ ናሙና ያጋለጠው ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ ስሠራ፣ የእኔ ድርሻ ከማዋለጃ ክፍል በበረዶ ሣጥን የሚላክልንን የእንግዴ ልጅ መመዘን፣ ከእርሱም ትንንሽ ቁራጮች ወስጄና አጥቤ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ነበር። ጥናቱ አስም ያለባቸው እናቶች የሚወልዷቸውን ወንዶችና ሴቶች ያነጻጽራል። ቀደም ብለው በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የእናቲቱ አስም በደንብ ካልታከመ ሴቷ ጽንስ እድገቷን ገታ ታደርጋለች፤ ወንዱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ማደጉን ይቀጥላል፤ ሌላ ችግር ሲደረብበት ይበልጥ የሚጎዳውም እርሱ ነው። እኛ የፈለግነው ይህ ልዩነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ በየትኞቹ ዘረመሎች ሥራ ላይ እንደሚታይ ማወቅ ነበር።

በቋንቋችን ይህ አካል «ልጅ» መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእንግዴ ልጅ በእናት ማህፀን ይብቀል እንጂ ከጽንሱ ጋር የሚወጣው ከአንድ የተዳቀለ እንቁላል ስለሆነ ዘረመሉ የልጁ ነው፤ ጽንሱ ወንድ ከሆነ ኤክስና ዋይ፣ ሴት ከሆነች ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ይይዛል። ነገር ግን ከማህፀን ግድግዳ ጋር የተጣበቀበት ፊቱ ከእናቲቱ ሥጋ ስስ ሽፋን ይዞ ይወጣል፤ በውስጡም የእርሷ ደም ይቀራል። ስለዚህ ቁራጩ ወደዚያ ፊት ተጠግቶ ከተወሰደ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ የሁለት ሰው ሕዋስ ይገባል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌአለሁ፤ ሥራ በበዛበት ምሽት ግን እጄ ወደቀናው ወገን ይሄድ ነበር።

የትኞቹ ዘረመሎች እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየው የአር ኤን ኤ ምርመራ ውጤት ሲመጣ በአራት የወንድ ናሙናዎች ውስጥ ኤክሲስት የሚባለው ዘረመል ሲሠራ ታየ። ይህ ዘረመል ሁለት ኤክስ ባላቸው ሕዋሳት ውስጥ አንደኛውን ኤክስ ዝም የሚያሰኝ ነውና በወንድ ጽንስ የእንግዴ ልጅ ውስጥ ድምፁ ሊሰማ አይገባም። በመጀመሪያ መለያ ወረቀት የተቀያየረ መስሎኝ መዝገብ ሳገላብጥ ዋልሁ፤ ሆኖም የዋይ ዘረመሎችም በእነዚያው ብልቃጦች ውስጥ ነበሩ። እናትና ልጅ ተቀላቅለዋል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለአለቃዬ ተናግሬ አራቱን ከጥናቱ አስወጣኋቸው፤ ተገላገልሁ ብዬም አሰብሁ። የቀረው ውጤት ደግሞ ያማረ ነበር፤ አስም ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሴቶች የእንግዴ ልጅ የበሽታ መከላከያ ዘረመሎችን ከወንዶቹ አብልጦ ሲያሠራ አሳየን።

በዚያው ሕንፃ፣ አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት በአዋላጅነት ያገለገሉ አንዲት የአገሬ ሰው ይሠሩ ነበር፤ ሲስተር እንላቸዋለን። ቡና ስንጠጣ ነገሩን እንደተዘጋ ጉዳይ አጫወትኋቸው።

«የወንዶቹንስ አወቅሽው፤ የሴቶቹን በምን አወቅሽ ልጄ?» አሉኝ።

«የሴቶቹ ደህና ናቸው ሲስተር፤ ምንም አልታየባቸውም።»

«ምን ሊታይ ኖሯል? እናቲቱም ሴት፣ ልጂቱም ሴት።»

ኤክሲስት በእናትም በሴት ልጅም ሕዋስ ውስጥ ስለሚሠራ፣ በሴቶቹ ናሙና ውስጥ የእናት ሥጋ ቢገባ በዚያ መንገድ ፈጽሞ አይታወቅም። የእኔ ቢላዋ ደግሞ የሕፃኑን ጾታ አይመርጥም። እንግዲህ የተበከሉትን ወንዶች አውጥቼ የተበከሉትን ሴቶች በጥናቱ ውስጥ ትቻለሁ ማለት ነው። የማህፀን ሽፋን በመከላከያ ሕዋሳት የተሞላ በመሆኑ፣ የሴቶቹ ናሙና የመከላከያ ዘረመል ቢበዛበት የሚያስገርም አልነበረም። ባላጸዳው ኖሮ ስሕተቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ይነካ ነበር፤ ልዩነት የፈጠርሁት ያጸዳሁ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰውና በአከርካሪ እንስሳት ላይ ለሚደረግ ምርምር ገንዘብ የሚጠይቁትን ጾታን በጥናታቸው ከግምት እንዲያስገቡ ያሳስባሉ፤ እኛም የጾታውን ዓምድ በትጋት ሞልተን ነበር፤ የጎደለን ግን ሌላ ነገር ነበር።

ናሙናዎቹን ሁሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ከእናቶቹ የደም ዲ ኤን ኤ ጋር አስተያየናቸው። ልጅ እናቱ ካላት የእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ አንዱን ብቻ ስለሚወርስ፣ ያልተላለፈው ቅጂ በናሙናው ውስጥ ከተገኘ የእናት ሥጋ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከሴቶቹም የተበከሉ ወጡ፤ እነርሱ ሲወገዱ ያ ያማረ ልዩነት አብዛኛው ተነነ። ከሚዛኑ የተገኘው ግን ጸና፤ ወንዶቹ ከእንግዴ ልጃቸው ክብደት አንጻር ሲሰሉ ከሴቶቹ ይበልጥ ይከብዱ ነበር፤ ይህም ከ1934 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ በተወለዱ ሰዎች መዝገብ ላይ ከታየው ጋር ይስማማል። ወንዱ በትንሽ ስንቅ ረጅም መንገድ ይጀምራል ማለት ነው፤ ምናልባት ችግር ሲመጣ መጠባበቂያ የሚያጥረው ለዚህ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ በእናቲቱ በኩል ያለውን ፊት መጀመሪያ ገፍፌ አስወግዳለሁ፤ ቁራጩንም የምወስደው ከመካከለኛው ጥልቀት ነው። በቅጹም ላይ ከጾታው ዓምድ ቀጥሎ፣ ቁራጩ ከየትኛው ጥልቀት እንደተወሰደ የሚጻፍበት ዓምድ ተጨምሯል።