አንድ ንጥረ ነገር ይዤ ሁለት ኮርስ

በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ኢኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ኑክሌር ኬሚስትሪ በአንድ ሴሚስተር ተደራረቡብኝ። አንደኛው ስለ ኤሌክትሮን ብቻ ያወራል፤ ሌላኛው ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩን ረስቶ ኒውክለስ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ያስታረቀልኝ አንድ ንጥረ ነገር መርጬ እያንዳንዱን ምዕራፍ በእርሱ ላይ መሞከሬ ነው። የመረጥሁት ቴክኒሺየምን ነው።

በ1937 ሳይንቲስቶቹ ሴግሬና ፔሪየር በጣሊያን ፓሌርሞ ያገኙት በአሜሪካ በርክሌይ በሚገኝ ሳይክሎትሮን (ቅንጣቶችን በሚያፈጥን መሣሪያ) ከተደበደበ ሞሊብዲነም ውስጥ ነበር። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን 43 ፕሮቶን ያለው ይህ ንጥረ ነገር አንድም የተረጋጋ አይሶቶፕ (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለይ ዓይነት) ያጣበት ምክንያት ነው። በካሬ ወረቀት ላይ ጎረቤቶቹን ሞሊብዲነምንና ሩቴኒየምን ደረደርሁ። መጠነ ቁስ ቁጥሩ (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) ለሁለት የሚካፈል ከሆነ ቴክኒሺየም ፕሮቶኑም ኒውትሮኑም ጎዶሎ ይሆናል፤ ይህ በዚህ ክብደት አያዛልቅም። ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቁጥር ከአንድ በላይ የተረጋጋ ኒውክለስ አይገኝም፤ 95ን እና 97ን ሞሊብዲነም፣ 99ን እና 101ን ሩቴኒየም ቀድመው ይዘዋል። ቦታው አልቋል። የኒውክለስ ክብደት ቀመር ያን ዕለት ትርጉም ሰጠኝ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ በሆስፒታል የሚሠራበት የቴክኒሺየም ጄኔሬተር፣ ማለትም ከሚፈርስ ሞሊብዲነም ቴክኒሺየም የሚወጣበት ዕቃ ነው፤ አልተቆጨሁበትም። ሞሊብዲነም-99 ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) 66 ሰዓት ገደማ፣ ከእርሱ የሚወለደው ቴክኒሺየም-99ኤም ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ ሰዓት በሰዓት በሠንጠረዥ አሰላሁት። ልጁ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ከ23 ሰዓት ገደማ በኋላ መሆኑን ሳይ፣ ጄኔሬተሩ ቴክኒሺየሙ እንዲወጣ በየጠዋቱ በጨው ውሃ የሚታጠበው ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ልጁ ከእናቱ የሚለየው ግን በኑክሌር ሕግ ሳይሆን በተራ ኬሚስትሪ ነው፦ ሁለት አሉታዊ ሙል ያለው ሞሊብዴት (ሞሊብዲነም ከኦክስጅን ጋር የሠራው አዮን) በጄኔሬተሩ ውስጥ ባለው አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ አንድ ብቻ ያለው ፐርቴክኔቴት (የቴክኒሺየሙ አዮን) ከጨው ውሃው ጋር ይወርዳል።

ከዚያ ወዲያ ሊጋንዶች፣ ማለትም ብረቱን ከብበው ኤሌክትሮን የሚሰጡት ሞለኪውሎችና አዮኖች ይመጣሉ። ፐርቴክኔቴት ላይ ቴክኒሺየም ሰባት ኤሌክትሮን አጥቷል፤ ዲ ኦርቢታሉ (ከኤሌክትሮን መቀመጫዎቹ አንዱ ዓይነት) ባዶ ነው። የልብ ምርመራ መድኃኒት ለመሥራት በቲን ክሎራይድ ወደ +1 ያወርዱታል፤ ስድስት አይሶናይትራይሎች ይከቡታል። ስድስት የዲ ኤሌክትሮኖች ሲደመሩ ከሊጋንዶቹ አሥራ ሁለት ጋር አሥራ ስምንት ይሆናሉ፤ ይህ ለእንዲህ ያለ ውሁድ የተረጋጋ ቁጥር ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ በታችኛው ደረጃ ተጣምረው ስለሚቀመጡ ውሁዱ በደም ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም። ሊጋንዶች የዲ ኦርቢታሎችን ጉልበት ወደ ታችና ላይ ደረጃ ይከፍላሉ የሚለውን የክሪስታል መስክ ንድፈ ሐሳብ በዚህ ያላመነ ተማሪ በምን እንደሚያምን አላውቅም።

ዘዴው ሁሉንም አይሸፍንም። የ4ዲ ኦርቢታሎች ሰፊ ስለሆኑ ቴክኒሺየም ከፍተኛ ስፒን ያላቸውን (ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች የበዙባቸውን) ኮምፕሌክሶች አያስተምርም፤ ለዚያ ብረትንና ኮባልትን ወሰድሁ። አክቲናይዶች (ዩራኒየም ያለበት የከባድ ንጥረ ነገሮች ረድፍ) ላይ ስደርስ ዩራኒየምን ጨመርሁ፤ የዩራኒል አዮን (አንድ ዩራኒየም ከሁለት ኦክስጅን ጋር) ሁለት ኦክስጅኖች ለምን ቀጥ ባለ መስመር እንደሚቆሙ ለመረዳት 5ኤፍ ኦርቢታሎችን ራሴ መሣል ነበረብኝ።